ሚዛን ለሽንኩርት

ጋሽ ጆሮ የሚባለው ጠገራ ብር ገዢ እናቱ ያወጣችለትን ስም ራሱም ሳይረሳው አልቀረም። ጆሮ ያሰኘው ሙያው ነው። አሮጌ ጠገራ እብነ በረድ ጠረጴዛው ላይ ጣል ሲያደርግ ንጹሕ ብር ይሁን የተለበጠ እርሳስ ከድምፁ ይለያል። እሱ እንደሚለው ከሆነ ደግሞ፣ ሦስት መንደር ወዲያ ከሰው ኪስ የወደቀ ጠገራ ከእንቅልፉ ቀስቅሶት ያውቃል። እንደነቃም የብሩን ዕድሜና የወለሉን ዓይነት፣ የባለቤቱንም ዐመል ሳይቀር ተናግሯል። ከዚህ ወሬ ግማሹን ቆርጠን ብንጥለው እንኳ የቀረው ለአንድ ገበያ ይበቃል።

ዐይኑም ቀላል አልነበረም። ብሩ ላይ የተቀረጸችው ሴትዮ የጸጉሯ ጥቅልል መፋቅ አለመፋቁን፣ ለአንገት ጌጥ ተብሎ ማንጠልጠያ የተበየደበት ጠባሳ መኖር አለመኖሩን በአንድ ገረፍታ ያያል። አሳምራለሁ ብሎ በአመድና በሎሚ የፈተገ ሰውማ አያድርስ ነው። "የታጠበ ብር የታጠበ ሬሳ ነው፤ ያምራል እንጂ አይነሣም!" ይለዋል። የመጨረሻው ቃል ግን ምንጊዜም የጆሮው ነው። ማዶ ያለው ወርቅ ሠሪ "ለምን አትመዝነውም?" ሲለው፣ "ሚዛን ለሽንኩርት ነው!" እያለ መንገደኛውን ሁሉ ያስቃል።

አንድ ቀን ታላቅ እህቱ የአባታቸውን አሮጌ ካልሲ አንጠልጥላ ሱቁ ገባች። ካልሲው ውስጥ የእናታቸው ጠገራዎች ነበሩ። ሟች አባታቸው የጭነት መኪና ሹፌር ነበር፤ በየዓመቱ የጋብቻቸው ቀን ሲደርስ አንድ ጠገራ እየገዛ፣ "ይኸው፣ ዘንድሮም ስለቻልሽኝ" እያለ ለሚስቱ ይሰጣት ነበር።

"እማዬ ናት የላከችኝ" አለች እህቱ። "ዐልጋ ከያዘች ወዲህ ሐሳቧ ይኸው ብቻ ነው። ዋጋቸውን ዕወቁና ተካፈሉ፣ ኋላ እንዳትጣሉብኝ ብላለች።"

ሱቁ ውስጥ ሰው ነበር። ሰው ካለ ደግሞ ጋሽ ጆሮ የሚከፍተው ቲያትር ቤት ነው። እጅጌውን ሰብስቦ አንዱን አገላብጦ አየው። ጥቅልሉ አልተነካ፣ የጠርዙ ጽሑፍ ጥርት ያለ፣ ላዩ ላይ ካልሲ ውስጥ የከረመበት ለስላሳ ጥቁረት። ሙሽራ የመሰለ ብር! ከዚያ ዐይኑን ጨፍኖ እብነ በረዱ ላይ ጣል አደረገው።

ምንም።

ሁለተኛውን ጣለ። ሌላም ጨመረ። ድንች የጣለ ያህል ነው።

እዚህ ላይ ሌላ ሰው ቢሆን ዐይኑን ያምን ነበር፤ ወይ ማዶ ተሻግሮ ሚዛን ይለምን ነበር። ጋሽ ጆሮ ግን ሰው እያየው ነው። "ሐሰተኛ ሲያምር ነው መጠርጠር!" አለና ሣቀ። "እትዬ፣ ጉድ ፈላ! አባዬ እማዬን ዕድሜዋን ሙሉ በእርሳስ ነው የሸነገላት!"

ሱቁ በሣቅ ተናጋ።

"ጮኸ እኮ" አለች እህቱ።

"ላንቺ ቆርቆሮም ይጮኻል!"

ሰዉ ደግሞ ሣቀ። እህቱ ካልሲውን ቋጥራ ወጣች።

ክረምቱ ሳያልፍ እናታቸው ሞተች። ከቀብሩ በኋላ ብዙም ሳይቆይ አንዲት ደንበኛ ጠገራ ይዛ መጣች። ጋሽ ጆሮ ጣል አድርጎ ሰማና፣ "እርሳስ ነው፣ እመቤቴ" አላት። ይኼን ጊዜ ወርቅ ሠሪው ሚዛኑን ብብቱ ሥር ሸጉጦ እየሮጠ ተሻገረ።

"ጤና አጣህ እንዴ? ይኼ ሲጮህ እኔ ማዶ ሆኜ መዶሻዬን አስቀመጥኩ!"

መዘኑት። ንጹሕ ብር። ጋሽ ጆሮ ለዓመታት በመስተዋት ውስጥ ያኖረውን፣ ንጉሥ ቢለምነው የማይሸጠውን የራሱን ምርጥ ጠገራ አውጥቶ እብነ በረዱ ላይ ጣለው። ብሩ ነጥሮ ዞረ፣ ዞሮ ተኛ። ድምፅ የለም። የሰው ንግግር ይሰማዋል፤ ቀጭኑ ድምፅ ግን መቼ እንደሄደ ሳያውቀው ጥሎት ሄዷል።

"ስንቴ ከኋላህ አፏጭቼልህ ዝም ብለኸኝ ሄደሃል" አለ ወርቅ ሠሪው ቀስ ብሎ። "እኔ እኮ ኮርተህብኝ መስሎኝ ነበር።"

ጋሽ ጆሮ ሱቁን ሳይቆልፍ እህቱ ቤት ደረሰ። እህቱ ልብስ ታጥፋለች።

"የእማዬ ጠገራዎች የት አሉ?"

በአገጯ መስኮቱን አሳየችው። ነፋስ መጋረጃውን እያነሣ ቢያስቸግራት፣ ጠገራዎቹን በመሰርሰሪያ አስበስታ ከታች ጫፉ ላይ በመደዳ ሰፍታቸዋለች። ቀዳዳው በሴትዮዋ ጥቅልል መሀል ያልፋል። ጠገራ ከተበሳ ሰብሳቢ ፊቱን አያዞርለትም፤ በግራም ለአቅላጭ የሚሸጥ ነው። ዋጋቸው ግን ያን ቀን ትዝም አላለው።

"ያኔ ስትነግሪያት እማዬ ምን አለች?"

"መጀመሪያ አላመነችም። ጫማ ሳይቀይር ነው እኮ የገዛልኝ አለች።" አንዱን ሸሚዝ አጥፋ ጨረሰች። "ኋላ ግን፣ ልጄማ አይሳሳትም፣ ጆሮው የታወቀ ነው አለችና የአባታችሁን ፎቶ አውርጂልኝ አለችኝ። እስክትሞት ስሙን አላነሣችም።"

ግድግዳው ላይ ምስማሩ ባዶውን ቀርቷል። ጋሽ ጆሮ ምስማሩን እያየ ቆመ።

ነፋስ ገባ። መጋረጃው ተነሥቶ ጠገራዎቹ እርስ በርስ ሲነካኩ አየ።

"እትዬ... አሁን ጮኹ?"

እህቱ እጇን ከልብሱ ላይ አነሣች። ቀና ብላ ፊቱን አየችው፣ ከዚያ ጆሮውን፤ ገባት።

"ጮኹ" አለች።

"ድምፁ ወዲያው ይሞታል ወይስ ይቆያል?"

"ይቆያል።"

እርሳስ አይቆይም፤ ይህን ከሱ በላይ የሚያውቅ የለም። ወንበሩ ላይ ዘጭ አለ። እህቱ ቁም ሣጥኑን ከፍታ በፊቱ ተደፍቶ የነበረውን ፎቶ አወጣች፤ መስተዋቱን በቀሚሷ ጠረገችው፤ ግን አልሰቀለችውም፣ ታቅፋው ቆመች።

"እሺ፣ ለእማዬ ማን ይንገራት?"

ጋሽ ጆሮ ወደ መስኮቱ ዞረ። መጋረጃው አሁንም ይወዛወዛል።

"አሁንስ፣ ድምፁ ሞተ?" አላት።

"ገና ነው" አለችው።