ያለፈውን ሳይተቹ አዲስ አይጫንም

ሱቄ አሶሳ መናኸሪያ አጠገብ ያለች ሰማያዊ ኮንቴነር ናት። በሯ ላይ በማርከር «ያለፈውን ሳይተቹ አዲስ አይጫንም» ብዬ የጻፍኩበት ካርቶን ተሰቅሏል። ሥራዬ ሚሞሪና ፍላሽ ላይ ዘፈንና ፊልም መጫን፣ ልብወለድ ማከራየት ነው። ኢንተርኔት እያለ ማን ሚሞሪ ያስጭናል የሚለኝ ሰው አይጠፋም። እስቲ እሱ ሰውዬ ጉባ ይውረድና ፊልም በስልኩ ይጎትት፣ እናየዋለን። ደንቤ ግን ከገበያውም ይበልጥብኛል። ባለፈው የወሰድከውን ወደድከው? ለምን? ጠላኸው? ለምን? «ጥሩ ነው» ብሎ ነገር እኔ ዘንድ አይሠራም። ጥሩ ነው ማለት አላየሁትም ማለት ነው።

ሐሩን የሚባል የበርታ ነጋዴ ደንበኛ አለኝ፣ የሚያስጭነው የሱዳን ዘፈን ብቻ ነው። «ወላሂ፣ ይሄ ሴትዮ ሲዘፍን እኔ ሱቅ መዝጋት ረሳ» አለኝ ባለፈው። ዓረብኛውን አላውቅም፤ ግን እንዲህ ያለ ትችት ከየት ይገኛል? ዘፈኑን ለራሴም ገልብጬ አስቀረሁት።

እኔም ስጠየቅ አልሸፋፍንም። ሰሞኑን ሰው ሁሉ ያበደለትን፣ ከዓረብ አገር ስለተመለሰችው ሙሽራ የተሠራውን ፊልም እንውሰድ። ሁለት ሰዓት ሙሉ አንድ ሶፋ ላይ ተቀምጠው ይላቀሳሉ፤ ሶፋው ራሱ ሳይሰለቸው አይቀርም። የወደድኩት አንድ ቦታ ብቻ ነው። እናትየዋ የልጇን ሻንጣ ከፍታ ልብሶቹን አንድ በአንድ እያሸተተች የምታጥፍበት። እዚያ ላይ አልቅሻለሁ፣ አልዋሽም። ስለ አንዲት የገጠር አዋላጅ የተጻፈውን ልብወለድ ደግሞ ወድጄው ወድጄው መጨረሻው አናደደኝ። ደራሲው መኪና ሊያመልጠው የደረሰ ይመስል በአንድ ገጽ ሦስት ሰው ገድሎ ሄደ። የባምባሲው ሹፌር ረጋሳ «ሕሊና፣ አንቺ የሚያገባሽን ሰው ገና በሠርጉ ቀን ነው የምትተቺው» ይለኛል። ይበለኝ።

በዚህ ጠባይ የሚመስለኝ ሰው ወንድሜ እንዳለ ብቻ ነው። አባታችን በደርግ ጊዜ በሰፈራ ከወሎ መጥቶ እዚሁ አሶሳ ዙሪያ የቀረ ገበሬ ነበር። ከአገሩ ይዞት የመጣ ንብረት ቢኖር አንድ ክራር ነው። እናታችን ቀድማ አረፈች፣ አባባም ተከተላት፣ ክራሩ ለእንዳለ ቀረ። ልጁ አምባሰልን ሲያንቆረቁረው ጎረቤት የያዘውን ሥራ ይተው ነበር። እኔ ታላቅ እህቱ ነኝና እንዳይኮራብኝ ሁልጊዜ አንድ እንከን አወጣለታለሁ። ሦስተኛዋ ክር ላልታለች፣ እዚህ ጋ ቸኮልክ፣ ግጥሙ ውሃ ውሃ ይላል። አንድም ቀን ወደድኩት ብዬው አላውቅም። እሱ ይስቅና አስተካክሎ ተመልሶ ይመጣል። የእኛ ፍቅር እንደዚያ ነው፣ ሌላ ዓይነት አናውቅም።

እንዳለ ጉባ፣ ግድቡ ጋ፣ ድንጋይ መሰርሰሪያ ማሽን ላይ ዓመታት ሠራ። እረፍት በወጣ ቁጥር ከመኪና ወርዶ ቀጥታ ወደ ኮንቴነሯ ነው፤ ቦርሳውን ሳያወርድ መተቸት ይጀምራል። ሰው የናፈቀውን ሰው አቅፎ ይስማል፣ እኛ በፊልም እንጣላለን። ሲመለስ ሚሞሪውን በዘፈን ሞልቼ እሰጠዋለሁ። በሚቀጥለው እረፍቱ ስለ እያንዳንዱ ይነግረኛል። አንዲት ወጣት ድምፃዊት አልበሟን ያወጣች ጊዜ ስለ አራተኛው ዘፈን ምን አለኝ መሰላችሁ? መሰንቆው መሃል ላይ ሲገባ አንጀቴን በላው፣ ከዚያ የሚመጣው ከበሮ ግን ደህና ጠላ ላይ ውሃ መጨመር ነው አለኝ። እንዴት ደስ እንዳለኝ! እኔ ሳምንት ሙሉ ስፈልገው የከረምኩትን ነበር የተናገረልኝ። ለደንበኛ ሁሉ ወንድሜ እንዲህ አለ እያልኩ ደገምኩት።

ግድቡ ተመርቆ ሥራው ሲቀዘቅዝ እንዳለም ተሰናበተ፣ ጠቅልሎ መጣ። ብዙም አልደነገጥንም፤ የከተማው የኪነት ቡድን ክራር ተጫዋች እቀጥራለሁ ብሎ ማስታወቂያ ለጥፎ ነበር። ተፈታኙ የራሱን ዘፈን በክራሩ ይዞ ይቀርባል። እንዳለ ሌላ ሙያ የለውም፣ የአባባም መሬት ከተሸጠ ቆይቷል። ከልጅነቱ ጀምሮ ሲመኘው የኖረውም ይኸው ነበር። ይህ በር ከተዘጋበት ሌላ በር እንደሌለው እሱም ያውቃል፣ እኔም አውቃለሁ።

ግን ጠባዩ ተለውጦብኝ መጣ። ጮክ ብሎ ያወራል፤ ቀስ በል፣ ሰው አለ ስለው ጆሮ ዳባ ልበስ ይለኛል። ከኋላው ስጠራው አይዞርም። አንድ ቀን ባጃጅ ጡሩምባውን እየነፋ ሊገጨው ሲል እጁን ጎትቼ አተረፍኩት፣ ጭራሽ ምን ሆንሽ ብሎ ተቆጣኝ። ፊልም ሲመርጥ ከታች ጽሑፍ ከሌለበት አይነካውም። ልብወለድ ግን ይውጣል። የአዋላጇን መጽሐፍ መጨረሻ በመጥላቴ ከሰዓቱን ሙሉ ተከራከረኝ፤ እነዚያ ሦስቱ ባይሞቱ ኖሮ ሴትየዋ ከመንደሩ ወጥታ እንዴት ትሄዳለች አለኝ። እውነት ለመናገር አሸነፈኝ፣ አላመንኩለትም እንጂ። ክራሩን ሲቃኝ ደግሞ አገጩን እንጨቱ ላይ ይለጥፋል። ምነው፣ ትስመዋለህ እንዴ ብዬ አሾፍኩበት። ቀና ሳይል መቃኘቱን ቀጠለ። ጉባ ከርሞ ኮራብን ብዬ ተቀየምኩት።

ነገሩን ያወቅኩት በስለሺ ነው። ስለሺ ጉባ ካምፕ ከእንዳለ ጋር አንድ ክፍል የኖረ የማሽን ረዳት ነው። እሱም ተሰናብቶ ወደ አገሩ ሲያልፍ ለመንገድ ዘፈን ጫኚልኝ ብሎ ሱቄ ገባ። ካርቶኑን አሳየሁት። እንግዳ መሆን ከደንቤ አያድንም፤ የዚያችን ድምፃዊት አልበም ሰምተሃል ወይ ብዬ ጠየቅኩት። ስለሺ ሳያቅማማ፣ አራተኛው ላይ መሰንቆው መሃል ሲገባ አንጀቴን በላው፣ ከበሮው ግን ደህና ጠላ ላይ ውሃ መጨመር ነው አለኝ።

ሳቅኩበት። የወንድሜን አፍ ሰርቀህ መጣህ አልኩት። ስለሺ ግን አልሳቀም። ግራ ገብቶት አየኝና አቀረቀረ። እህቱ ነሽና የምታውቂ መስሎኝ ነበር አለኝ። ከዚያ እየከበደው ነገረኝ። እንዳለ ዘፈን መስማት ካቆመ ከርሟል። እኔ የጫንኩለትን ለስለሺ ይሰጠዋል። ስለሺ ሰምቶ ሲያበቃ ፊት ለፊቱ ቁጭ ብሎ ቀስ እያለ ያወራለታል፣ እንዳለ ከንፈር ከንፈሩን እያየ ይይዛል። አዲስ አበባ ሄዶ ሐኪም አይቶት ነበር፤ የጆሮህ ነርቭ ሞቷል፣ አይመለስም ብለውታል። ለእኔ ትንፍሽ እንዳይል ስለሺን አስምሎታል።

ማሽኑ ነው አይደል አልኩት። ማሽኑ ብቻ ነው እንዲለኝ እንዴት እንደጓጓሁ እኔ ነኝ የማውቀው።

«የጆሮ መከላከያ ተሰጥቶን ነበር» አለ ስለሺ። «እሱ ያንን አውልቆ ኢርፎን ይሰካል። ከማሽኑ በላይ እንዲሰማው ድምፁን እስከ መጨረሻው ይከፍተዋል። ማታ ደክሞን እንተኛለን፣ ቀን ካልሰማሁት ለእህቴ ምን እላታለሁ ይለኝ ነበር።»

ሚሞሪውን ምን እንደሞላሁለት አላውቅም፣ ስለሺም ደህና ሁኚ እንኳ በወጉ ሳይለኝ ሄደ። ተነስቼ ካርቶኑን ልገነጥለው እጄን ሰነዘርኩ። እንዳለ መጥቶ ቢያጣው ምን ይላል ብዬ ደግሞ ተውኩት። ማወቄን እንዲያውቅ አልፈለግኩም፤ ራሱ እስኪነግረኝ ልጠብቀው አልኩ። በየቀኑ መጣ፣ በየቀኑ ስለ ፊልምና ስለ መጽሐፍ አወራን፣ አልነገረኝም። ማታ ቤቴ ገብቼ ዘፈን መክፈት አስጠላኝ። የሐሩንን ሱዳናዊት እንኳ መስማት አልቻልኩም።

ፈተናው ሐሙስ ሆኖ እንዳለ ማክሰኞ ከሰዓት ዘፈኑን በስልኩ ቀድቶ መጣ። ፀሐዩ ኮንቴነሯን አግሏታል፣ ደንበኛ የለም። ሚሞሪዬ ላይ ገልብጪልኝ፣ ከዚያ ሰምተሽ ተቺ አለኝ። ገለበጥኩለትና ስፒከሩን ከፈትኩ።

ግጥሙ ስለ አባባ ነው። ከወሎ በጭነት መኪና ሲመጣ ክራሩን በጋቢ ጠቅልሎ እንደ ሕፃን አቅፎ ነበር ይላል። ሰው ምጣዱንና ጆንያውን ይዞ፣ አንተ እንጨት ይዘህ መጣህ ብለው ስቀውበት ነበር ይላል። ወንድሜ እንዲህ ያለ ግጥም ይወጣዋል ብዬ አስቤ አላውቅም። ዜማው ግን፣ ምን ብዬ ልንገራችሁ፣ የለም። ክሮቹ ከቅኝት ወጥተዋል። ድምፁ አንዴ ከክራሩ በላይ ይወጣል፣ አንዴ ከሥሩ ይወድቃል፤ በአምባሰል የጀመረው ዘፈን የት እንደገባ አይታወቅም። ሁለት ተማሪዎች በበሩ ሲያልፉ ቆም ብለው ሰሙና እየተሳሳቁ ሄዱ። ተነስቼ በጥፊ ባላቸው ደስ ባለኝ። እንዳለ ጀርባውን ለበሩ ሰጥቶ ነበርና አላያቸውም። እሱ የሚያየው አፌን ነበር።

እውነቱን ብነግረው ሐሙስ አይሄድም። ብዋሸው ይሄድና እንደነዚያ ልጆች በሚስቅ ሰው ፊት ይቆማል። ይህን ሁሉ አመዛዝኜ ነው ብል ውሸት ነው። ከንፈሬ ላይ የተተከለውን ዓይኑን ሳይ ሌላ ነገር አላሰብኩም። ዓይኔን በጨው አጥቤ፣ ቃሉን አፌ ላይ ጎላ ጎላ አድርጌ ተናገርኩ።

«ወደድኩት፣ እንድዬ። በጣም ወደድኩት። ምንም አልጎደለውም።»

ፈገግ ይላል ብዬ ጠበቅኩ። ፊቱ አመድ መሰለ።

«ምንም?» አለኝ።

«ምንም።»

«ሦስተኛዋ ክርስ?»

«ደህና ናት።»

ዱካዋን ስቦ ተቀመጠ።

«እታለም፣ አንድ እንከን ብታወጪለት ተስፋ ነበረኝ» አለኝ። ከጉባ ከመጣ ወዲህ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ሲያወራ ያን ቀን መስማቴ ነው። «ላልታለች ብትይኝ ላጠብቃት ነበር የመጣሁት። ይህን ያህል ነው እንዴ የጠፋው?»

ተው፣ እንዲህ አይደለም ልለው ፈልጌ እንባዬ ቀደመኝ። ስለሺ መጥቶ እንደነበር ነገርኩት። አልተቆጣም፣ አንገቱን ብቻ ነቀነቀ። ለምን ደበቅከኝ ስለው፣ መተቸቱን ትተይብኝ ነበር አለኝ። ስፒከሩ ዘፈኑን ጨርሶ እንደገና ከመጀመሪያው ጀምሮ ነበር። እሱ አላወቀም። እኔም እጄን ዘርግቼ ማጥፋት አቃተኝና እየተንቋረረ ሁለታችንም ተቀምጠን ቆየን።

ሐሙስ አልሄደም። ክራሩን አባባ ይሰቅልበት በነበረው ሚስማር ላይ መልሶ ሰቀለው። ሌላ ልጅ ተቀጠረ፤ በአንድ ዝግጅት ላይ ሲጫወት ሰምቼዋለሁ። ጣቱ ፈጣን ነው፣ ነፍስ ግን የለውም፣ የእንዳለን ግማሽ አይሆንም። ይህን ትችት ወስጄ ለማን እንደምነግረው አጣሁ። የነገርኩት ለረጋሳ ነው፤ እሱም «ጥሩ ነው» አለኝ።

ትናንት እንዳለ ሱቅ መጣ። ሰላም ተባባልን። ጽሑፍ ያለበት ፊልም ካለሽ ጫኚልኝ አለና ሚሞሪውን ዘረጋልኝ። ስከፍተው ሌላው ሁሉ ተጠርጎ አንድ ነገር ብቻ ቀርቶበታል፣ የራሱ ዘፈን። አፌ መቼም ደንቡን ለምዶታል። ያለፈውንስ ምን አልከው የሚለው ሳላስበው አመለጠኝ። ልመልሰው ብል ከንፈሬን አንብቦታል። ቀና ብሎ ካርቶኑን አየው፣ ከዚያ እኔን አየኝ።

«አልሰማሁትም፣ እታለም» አለኝ።

ፊልሙን ጫንኩለት።