ከቡፌው ጀርባ ያለው ግድግዳ

ለመላው ቤተሰብ፣ ለሩቅ ዘመድና ለቅርብ ጎረቤት፣ እንዲሁም ነገሩ ለሚመለከታቸውም ለማይመለከታቸውም ሁሉ እንዲታወቅ፦ ሳሎን ውስጥ ላለፉት ሃያ ዘጠኝ ዓመታት ሳይነቃነቅ የኖረው ቡፌ፣ በበዓል ዝግጅት ምክንያት የፊታችን ቅዳሜ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ላይ ከቦታው ይነሳል። ውሳኔው የመጨረሻ ነው። ይግባኝ የለውም።

አዋጁ የወጣው በማቀዝቀዣው በር ላይ ነው፤ በእህቴ እጅ ተጽፎ፣ በእናቴ ፊርማ ጸድቆ፣ በሎሚ ቅርጽ ማግኔት ተለጥፎ። እኛ ቤት በዓል ሲቃረብ የወትሮው ሕግ ሁሉ ይታገዳል። እናቴ ጠቅላይ አዛዥ ትሆናለች። ነርሷ እህቴ ባሏንና ልጆቿን ለአማቷ ጥላ ትመጣና የዘመቻ መምሪያውን ትረከባለች። እኔ፣ ሁለተኛ ዲግሪዬን ጨርሼ ሳሎን ግድግዳ ላይ በጋወን ፎቶዬ የተሰቀለው ሰውዬ፣ ምንጣፍ አራጋፊ ሆኜ እመደባለሁ።

ሳምንቱን ሙሉ ቤቱ ተገለበጠ። መጋረጃዎቹ ወርደው ተነከሩ። በዓመት ሁለቴ ወጥተው፣ ታጥበው፣ እንግዳ ሳይጠጣባቸው ወደ መደርደሪያቸው የሚመለሱት የእንግዳ ብርጭቆዎች ወጥተው ታጠቡ። ለእነዚያ ብርጭቆዎች የሚመጥን እንግዳ እስካሁን አልተወለደም። የቁልፎቹ መሳቢያም ተራው ደረሰ።

«እማዬ፣ ይሄ የምኑ ቁልፍ ነው?» አልኳት።

«እኔ ምን አውቄ።»

«ልጣለው?»

«ቢያስፈልግስ!»

ይህን ንግግር በአርባ አንድ ቁልፍ አባዙት። አንዱም አልተጣለም፤ ግን ሁሉም ተወልውለዋል።

የዘንድሮው ዘመቻ ዋና ግብ ቡፌው ነበር። እህቴ አስራ አራት እንግዳ ጠርታለች፤ ለአስራ አራት ሰው ደግሞ ረጅሙን ጠረጴዛ መዘርጋት ግድ ነው፤ ጠረጴዛው እንዲዘረጋ ቡፌው ወደ ኮሪደሩ መሄድ አለበት። ቡፌው ሲሄድ ከጀርባው የሚገኘው ግድግዳ ይጋለጣል። ያ ግድግዳ ደግሞ የቤታችን የታወቀ ነውር ነው።

አባቴ ቀለም ቀቢ ነው። «ነበር» ማለት ይቻላል፤ እሱ ባለበት ግን ማንም አይደፍራትም። የከተማውን ግማሽ እሱ ቀብቶታል፤ ትምህርት ቤቱን፣ ክሊኒኩን፣ የሲኒማ ቤቱን ጣሪያ። በየዓመቱ በዓል ሲመጣ ደግሞ የእኛን ሳሎን እናቴ በመረጠችው አዲስ ቀለም ይቀባዋል። የዚያን ቀን «ሽታው ያሳምማችኋል» ብሎ ሁላችንንም ወደ አክስታችን ቤት ያባርረናል፤ ማታ ስንመለስ ሳሎኑ ሌላ ሳሎን ሆኖ ይጠብቀናል። ከቡፌው ጀርባ በቀር። የቡፌውን ግራና ቀኝ ግድግዳ በጥንቃቄ ይቀባና ከኋላው ያለውን ይተወዋል።

እናቴ ይህን ለሃያ ዘጠኝ ዓመት ለሰማም ላልሰማም ስትናገር ኖራለች። «የሰው ቤት ሲሆን ጣሪያ ለጣሪያ እንደ ድመት ይሄዳል፤ የራሱ ቤት ሲሆን አንድ ቡፌ መግፋት ዳገት ይሆንበታል። ሰነፍ!» ትላለች። ጎረቤት ይስቃል። አባቴም አብሮ ይስቅ ነበር። አንድ ቀን እንኳ መልስ ሰጥቶ አያውቅም።

ዘንድሮ ግን ነገሩ ተለወጠ። በመጀመሪያ «ወገቤን አሞኛል፤ አልቀባም» አለ። እናቴ አንድ ወፍራም፣ ጨዋታ የሚወድ ቀቢ ቀጠረች፤ ከሮለር በቀር ሌላ መሣሪያ ስለማይነካ ሰፈሩ ሁሉ «ሮለር» ይለዋል። ከዚያ አዋጁ ማቀዝቀዣው ላይ ወጣ። አባቴ መነጽሩን አድርጎ ከላይ እስከ ታች አነበበው። ከዚያ ወደ እናቴ ዞረና፣

«ቡፌው ከተነሳ በዓሉን እዚህ ቤት አልውልም። ወንድሜ ጋ እሄዳለሁ» አለ።

ሳቅን። እሱ አልሳቀም።

በሠላሳ ሦስት ዓመት ትዳር ውስጥ አባቴ በዓልን ከቤቱ ውጭ ውሎ አያውቅም። እናቴ «ይሂዳ! ማን ያዘው?» አለችና ወደ ማጠቢያው ዞረች፤ ከዚያ አንዱን ሳህን ሦስት ጊዜ አጠበችው። እህቴ «ሌላ ቀቢ በመቀጠሩ አኩርፎ ነው፣ ያልፍለታል» አለች። እኔ ግን ምሽቱን ሙሉ የበዓሉን ጠረጴዛ በሐሳቤ ስዘረጋ ዋናው ወንበር ባዶ እየሆነብኝ ተቸገርኩ።

ቅዳሜ ሦስት ሰዓት ሆነ። ሮለር ባልዲዎቹን ተሸክሞ፣ «እንደምን አደራችሁ የቤቱ ሰዎች! ጋሼስ?» እያለ ገባ። ጋሼ በሩ አጠገብ በርጩማ ላይ ተቀምጧል። ኮቱን ለብሷል። እግሩ ሥር ትንሽ ቦርሳ አለች። ቀኝ እጁ ኪሱ ውስጥ ነው።

«ወዴት ነው ጋሼ፣ መንገድ አለ እንዴ?»

«እነሱን ጠይቅ» አለ አባቴ።

እናቴ የቡፌውን ሆድ ዕቃ አራግፋ ጨርሳለች። «በሉ ግፉ» አለች፤ ወደ በሩ ግን አላየችም።

ያ ቡፌ ከወፍራም እንጨት የተሠራ፣ አራት ሰው ተሸክሞት የገባ ግዑዝ ዝሆን ነው። እኔና እህቴ እጅጌያችንን ሰብስበን፣ ሮለር ትከሻውን አስጠግቶ፣ «አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት!» ብለን ገፋን። ልንወድቅ ነበር። ቡፌው ልክ መንገዱን እንደሚያውቅ ሰው ያለ ምንም ድምፅ ተንሸራተተ።

እህቴ ጎንበስ ብላ አየች። ከእያንዳንዱ እግር ሥር በጥንቃቄ የተቆረጠ የምንጣፍ ቁራጭ ነበር፤ ብዙ ከመሄዱ የተነሳ ሳስቶ እንደ ጨርቅ ሆኗል።

«ይሄ ቡፌ ይንቀሳቀስ ነበር» አለች ቀስ ብላ።

ቀና ስንል ግድግዳውን አየነው።

እንዴት ልናገረው? የጠበቅነው እድፍ፣ የሸረሪት ድር፣ ቢበዛ የጠፋው ሪሞት ነበር። እዚያ የቆመው ግን ከትከሻዬ ከፍታ ጀምሮ እስከ ወለሉ የሚወርድ፣ አንዱ በሌላው ሥር የተሰለፈ የቀለም መስመር ነው። እያንዳንዱ ሦስት ጣት ይሰፋል። ከቡፌው አንድ ጎን እስከ ሌላው ጎን፣ ሁለት ሜትር ያህል፣ እንደ ተወጠረ ክር ቀጥ ብሎ ይሄዳል። ክሬም፣ ከሥሩ አረንጓዴ፣ ከሥሩ የበሰለ ኮክ የሚመስል፣ ከሥሩ ሰማያዊ። በመስኮቱ የገባው የጠዋት ብርሃን ሲያርፍበት ግድግዳው መተንፈስ የጀመረ መሰለኝ። ቆጠርኳቸው። ሃያ ዘጠኝ ናቸው።

ሮለር ኮፍያውን አወለቀ። ማንም ያውልቅ አላለውም። ጠጋ አለና ጣቱን በሁለት ቀለሞች መገናኛ ላይ፣ ሳይነካ፣ አስኬደው።

«ጋሼ፣ ፕላስተር ለጥፈው ነው የቀቡት?»

«በእጅ ነው» አለ አባቴ ከበርጩማው ሳይነሳ።

«ያለ ማስመሪያ?»

«ማስመሪያ ለተማሪ ነው።»

ሮለር የራሱን ሮለር አየና ባልዲው ውስጥ በቀስታ አስተኛት፤ ያፈረባት ይመስል ነበር።

እናቴ ቀስ ብላ ቀረበች፤ ከላይኛው መስመር ጀመረች።

«ይሄ ክሬም... ይሄ ቤቱን የገባንበት ነው። ይሄ አረንጓዴው አንተ የተወለድክበት፤» አለችኝ፣ «ሐኪም ቤት አስመሰለው ብዬ ያለቀስኩበት። ይሄ እሷ ትምህርት ቤት የገባችበት። ይሄ... ኧረ ይሄን ሮዝ ማን ነው የመረጠው?»

«አንቺ» አለ አባቴ።

«በሕይወቴ!»

«እንጆሪ ነው ያልሺው።»

ጣቷ እየወረደ ሄዶ አንድ ቦታ ላይ ቆመ። እዚያ ቀለም የለም። ከላይና ከታች በቀጭን እርሳስ ተሰምሮ፣ መሐሉ ባዶ ልስን ብቻ የሆነ መስመር ነው።

«እናቴ የሞተችበት ዓመት» አለች። «ያን ዓመት ቀለም አልመረጥኩም።»

«አልመረጥሽም» አለ አባቴ።

በውጭ አንድ ሰው ፍራሽ በዱላ ይመታል፤ እሱ ብቻ ነበር የሚሰማው። እናቴ ሳታስበው ወለሉ ላይ ቁጭ አለች፤ መስመሮቹ ወደ ታች ስለሚወርዱ ቁጭ ሳይሉ የኋለኞቹን ማየት አይቻልም። አባቴ የኋለኞቹን ዓመታት በሆዱ ተኝቶ ነው የቀባቸው ማለት ነው። እኛ አክስታችን ቤት ተቀምጠን ስንፍናውን እያማን።

ከዚያ ሮለር የመጨረሻውን መስመር አየ። ቀና አለ፣ ወደ ባልዲዎቹ ሄዶ፣ መማሰል የማያስፈልገውን ቀለም ያማስል ጀመር። እኔም ጎንበስ አልኩ። ሃያ ስምንቱ መስመሮች ክር ናቸው። ያምናው ግን ይንቀጠቀጣል። ከዳር እስከ ዳር ከፍ ዝቅ ይላል፤ አንድ ቦታ ላይ ተቋርጦ፣ አርፎ፣ እንደገና ቀጥሏል።

ዓመቱን ሙሉ ያየነው ሁሉ ባንዴ ተገጣጠመልኝ። ሲኒ ትቶ በትልቁ ኩባያ በሁለት እጁ መጠጣቱ። ኪሱ። ወገቡ።

እህቴ ከእኔ ቀድማ ገብቷታል። «አባዬ፣» አለች በነርስ ድምፅዋ፣ «እጅህን አሳየኝ።»

«እጄ ኪሴ ውስጥ ነው።»

«ከመቼ ጀምሮ?»

«ሱሪው ከተሰፋ ጀምሮ።»

«ሰኞ አብረን ሐኪም ጋ እንሄዳለን።»

«ሰኞ ይድረስና እናወራለን» አለ፤ አሁንም ዓይኑ ያለው እናቴ ላይ ነው። ያን ጊዜ ነው የፈራው ምን እንደሆነ የገባኝ። በሰፈሩ ሁሉ ሰነፍ ሲባል ግድ ያልሰጠው ሰው፣ እጁ ዛለ መባልን አልቻለም።

እናቴ ተነሳች። ቀሚሷን አራገፈች። ወደ በሩ ሄዳ ቦርሳውን ከእግሩ ሥር ነጠቀችው።

«አትሄድም።»

«ቦርሳዬን አምጪ።»

«አትሄድም አልኩ!» ዚፑን ከፈተች፤ ልብሶቹን አውጥታ ወደ ቁም ሳጥኑ ልትመልስ ነበር። ውስጡ ልብስ የለም። በንጹህ ጨርቅ የተጠቀለለ ባለ ሦስት ጣት ብሩሽ ብቻ አለ። ለበዓል ከቤቱ የሚሰደደው ሰውዬ የያዘው ስንቅ ይኸው ነው።

ብሩሹን እንደያዘች ወደ ሮለር ዞራ፣ «ልጄ፣ ሌላውን ግድግዳ ሁሉ ቀባ። ይሄን እንዳትነካው» አለችው።

«እትዬ፣ ቢያዙኝስ መቼ እነካዋለሁ!»

«ከዘንድሮው ቀለም በዚህች ጣሳ ቅዳልኝ።» ዘንድሮ የመረጠችው ፈዛዛ ቢጫ ነው። ጣሳውን ግድግዳው ሥር አስቀመጠችና ብሩሹን ለአባቴ ዘረጋችለት። «ከወለሉ በላይ የአንድ መስመር ቦታ ቀርቷል።»

«ይጣመማል» አለ አባቴ።

«ሃያ ዘጠኝ ዓመት ሰነፍ ስልህ ቀጥ ብለህ ቆመሃል። አሁን መስመር ቢጣመም ምን እንዳይመጣ ነው? ተነስ።»

ኮቱን አወለቀ። እጁን ከኪሱ አወጣ፤ ይንቀጠቀጣል፤ ሁላችንም አየነው፤ ማንም ዓይኑን አልሰበረም። ወለሉ ላይ በሆዱ ተኛ። ብሩሹን ነከረ፣ የጣሳው ከንፈር ላይ ጠረገ፣ ጀመረ። ልረዳው ስንቀሳቀስ እህቴ ክንዴን ያዘችኝ። እናቴ በጉልበቷ እየሄደች ጣሳውን ከጎኑ ታስጠጋለታለች። አባቴ አንድ ክንድ ያህል ይቀባል፣ ያርፋል፣ ይቀጥላል። መስመሩ እንደ ውሃ ሞገድ ይወዛወዛል። ግን ልብ ብዬ ሳየው፣ የዘንድሮው ቀለም ያምናውን ጥምዝ አንድ በአንድ፣ በከፍታው ከፍ በዝቅታው ዝቅ እያለ ይከተለዋል። በሁለቱ መካከል የፀጉር ያህል ክፍተት የለም። በሚንቀጠቀጥ እጅ፣ ያለ ማስመሪያ።

ዳር ደረሰ። ሮለር አፉን እንደከፈተ ነው።

«ቡፌው ኮሪደር ይቅር» አለች እናቴ። «እንግዶቹ ይሄን ያያሉ።» ከዚያ እዚያው እንደተንበረከከች ወደ እሱ ዞረች። «እኔ ግን አንድ ነገር ልጠይቅህ። ሃያ ዘጠኝ ዓመት፣ በሰው ፊት ስሰድብህ፣ አንድ ቀን እንኳ 'ሂጂና ከኋላው እይ' አትልም? ለምን?»

አባቴ ትከሻዬን ተደግፎ ተነሳ። ጉልበቱን አራገፈ።

«አልናገርም።»

«እንዴት አትናገርም? ለእኔ?»

«አልናገርም አልኩሽ። ብሩሹ ሳይደርቅ እጠቡት።»