አንደኛ፣ ፀሐይ

እናትየውን የምትሠራበት ሆቴል ልብስ አጣቢዎች «በረኪና» ይሏታል። ሠላሳ አንድ ዓመት አንሶላ ስታነጣ እጇ ስለተላጠ ብቻ አይደለም፤ ምላሷ የነካው ሰው ቀለሙን ስለሚለቅ ነው። ስሙን ጠልታው አታውቅም። በረኪና ያልደፈረውን እድፍ ደግሞ ፀሐይ ትጨርሰዋለች ብላ ታምናለች። ሽታ የያዘ ፍራሽ፣ የሻገተ ትራስ፣ ደም የነካው አንሶላ፣ ሁሉንም ጣራ ላይ አስጥታ አድናለች። ለእሷ ፀሐይ ሐኪም ናት፤ ያውም ወረፋ የማታስጠብቅ።

ስለዚህ ልጇ ታማ ከሆስፒታል ስትወጣ ያደረገችው ይህንኑ ነው። አሰጣቻት።

ልጅቷ የሁለተኛ ክፍል አስተማሪ ናት። በሽታው ሉፐስ ነው ተባለ፤ የቤት ዘበኛ የገዛ ጌታውን እንደሚደበድብ፣ ሰውነት በራሱ ላይ የሚነሳበት። ሐኪሙ ሲያስረዳት በትኩሳት ትቃዥ ስለነበር ከቃሉ ሁሉ ጆሮዋ ላይ የቀረው ስሙ ብቻ ነው። ስልኳ ላይ ልታነብ ብትሞክር ገና ከመጀመሪያው መስመር «ኩላሊት» የሚል አየችና ዘጋችው። ከሆስፒታል በወጡ ዕለት አንዲት ነርስ ለእናትየው ክኒንና የታጠፈ ወረቀት አቀበለቻት።

«ሁሉም እዚህ ላይ አለ፣ እማማ። ያነቡታል አይደል?»

በረኪና ፊደል አልቆጠረችም። አልቆጠርኩም ብሎ ለባዕድ መናገር ግን ከሞት አይተናነስባትም። «ታዲያ ልበላው ነው?» አለችና ወረቀቱን ጡቷ ሥር ወሸቀችው።

ቤት ሲደርሱ ለልጅቷ ብትሰጣት ያልቅ ነበር። ግን ባለፈው ዓመት ልጅቷ «ላስተምርሽ» ብላ ደብተር ገዝታላት፣ ተጣልተው፣ ደብተሩ የትኩስ ድስት ማውረጃ ሆኖ ነበር የቀረው። አሁን ወረቀት ይዞ መቅረብ ማለት እጅ መስጠት ነው። «ምን አሉ?» ስትባል «ክኒንሽን ዋጪ፣ እረፊ ነው ያሉት» አለች። ወረቀቱ ልብስ ሳጥን ውስጥ ገባ። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባላል፤ ሁለቱም አንድ ቤት ውስጥ ዝም ብለው ተቀመጡ።

ከዚያ በየጠዋቱ ደጃፍ ላይ ወንበር፣ ትራስ፣ ልጅ። «አጥንትሽ ይሙቅ። ያጠወለገሽ የክፍል ውስጥ ጥላ ነው።» የልጅቷ እጅና ጉልበት አበጠ። ከጉንጯ እስከ ጉንጯ በጥፊ እንደተመታች ቀላች። ፀጉሯ በእፍኝ በእፍኝ ትራሱ ላይ ቀረ። በአምስተኛው ሳምንት ተቆጣች፤ በእናቷ ሳይሆን በክኒኑ።

«አይሠራም» አለች። «ነገ የሉፐስ ታማሚዎች ስብሰባ አለ። ሄጄ እሰማለሁ። የረባ ነገር ካልነገሩኝ እዚያው እጥለዋለሁ።»

«ጣይው» አለች እናትየው። «ሳሙና እንኳ አምስት ሳምንት አይፈጅበትም።»

ስብሰባው የሆስፒታሉ ክሊኒክ ፎቅ ላይ ነው። ክብ የተደረደሩ የፕላስቲክ ወንበሮች፣ ነጭ ጨርቅ የለበሰ ረጅም ጠረጴዛ፣ መጋረጃ የሌለው ግድግዳ የሚያህል መስኮት። ሰዉ ሁሉ ወዲያ ጥግ ተጣብቆ ስለተቀመጠ እናትና ልጅ የቀረላቸው መስኮቱ ሥር ነው። ፀሐዩ ልጅቷ ጭን ላይ ወደቀ። በረኪና «እነዚህ ሰዎች ጤና ሲያቀርቡላቸው ይሸሻሉ» ብላ በሆዷ ታዘበቻቸው።

ስብሰባውን የምትመራው ያችው ነርስ ናት። እማማን አላስታወሰቻትም። መጀመሪያ ያናገረችው አንድ ሾፌር ነው፤ ከሴቶቹ መሐል ብቸኛው ወንድ።

«አፍ ሲያመልጥ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም ይላሉ» አለ ኮፍያውን እያነሳ። «የእኔ ራስ ግን ሲመለጥ በደንብ ታውቆኛል። ሚስቴ ታበጥርልኝ ነበር፤ አሁን ትወለውልልኛለች።»

ሳቁ። ልጅቷ አልሳቀችም። ተራዋ ሲደርስ የክኒኑን ብልቃጥ ከቦርሳዋ አውጥታ ጠረጴዛው ላይ ጠቅ አደረገችው።

«አንድም ቀን ሳልዘል አምስት ሳምንት ዋጥኩ። ብሶብኛል። የሚፈልገው ሰው ይውሰደው።»

ነርሷ ፊቷን ትክ ብላ አየችው። «ፀሐይ ትሞቂያለሽ እንዴ?»

«በየጠዋቱ።»

ሾፌሩ «ኧረ በስማም» ብሎ ኮፍያውን መልሶ ደፋ።

«ፀሐይ እኮ በሽታውን ትቀሰቅሰዋለች» አለች ነርሷ። «እሳት ላይ ተቀምጠሽ ውሃ ብትጠጪ ምን ይረባሻል? ወረቀቱ ላይ አንደኛ ቁጥር ነው የተጻፈው።»

«የምን ወረቀት?»

«ለአስታማሚ የሚሰጠው። አይ የእኛ ሰው። ወረቀት ይሰጡታል፣ አያነብም። ከዚያ መድኃኒቱን ያማል።»

የበረኪና ጆሮ ጋለ።

«ምንም ወረቀት አልተሰጠንም» አለች ልጅቷ፤ ድምፅዋ ክፍል ውስጥ ተማሪ ስትቆጣ እንደሚሆነው ጠነከረ። «እናቴ የነገሯትን አንድ ሳታስቀር ነግራኛለች። ፀሐይ የምትከለከል ቢሆን ኖሮ ያኔ ትነግሯት ነበር። አሁን ክኒናችሁ ሲከሽፍ ፀሐይ አመጣችሁ። የአብዬን እከክ ወደ እምዬ ልክክ።» ቦርሳዋን አነገተች። «እማዬ፣ ተነሺ እንሂድ።»

በረኪና ተነሳች፤ በሩ ክፍት ነው። ብትወጣ ጥፋቱ የሆስፒታሉ ሆኖ ይቀራል፣ እሷም ከነክብሯ ትሄዳለች። ብልቃጡ ግን ጠረጴዛው ላይ ቀርቷል። አየችው። ልጇን አየች። ንዴቱ ከእግር ጥፍሯ ተነሳ፤ በማን እንደሆነ እንኳ ለመምረጥ ጊዜ አልሰጣትም።

«ቁጭ በይ» አለቻት። «ወረቀቱ ተሰጥቷል። ሳጥኔ ውስጥ ነው። እኔ ማንበብ አልችልም፤ ለዚህ ሁሉ ሰው ተናገርኩት፣ ደስ ይበላችሁ።» ወደ ነርሷ ዞረች። «አንቺ ደግሞ። ‹ያነቡታል አይደል› ብለሽ ጀርባሽን ሰጠሽኝ። ‹ፀሐይ አታሙቂያት› ለማለት ስንት ትንፋሽ ይፈጃል? ወረቀት አፍ አለው? አፍሽን ለምን ለወረቀት አከራየሽው?»

«እማማ፣ በቀን ሰማንያ ሰው ነው የማየው» አለች ነርሷ ቀስ ብላ። «አልችልም ቢሉኝ አነብልዎ ነበር።»

እውነት ስለሆነ የባሰ አናደዳት።

ልጅቷ ቁጭ አለች፤ አልጮኸችም። መጮህ ይሻል ነበር። «ትራስ አስደግፈሽኝ» አለች። «በየጠዋቱ። እንዳልንሸራተት ትራስ አስደግፈሽ ጠበስሽኝ። ወረቀቱን ብትወረውሪልኝ ምን ነበረበት?»

«አንቺ እንድታነቢልኝ?»

«አዎ።»

የበረኪና ዓይን ልጅቷ ጉልበት ላይ የተጋደመውን ፀሐይ አየ። ጠረጴዛው ላይ ያለውን ብልቃጥና የታሸገ ውሃ ለሾፌሩ አስታቀፈችው፤ ነጩን ጨርቅ መዥረጥ አድርጋ ነቀለች።

«እማማ፣ የክሊኒኩ ንብረት ነው።»

«አጥቤ እመልስልሻለሁ። የታመመ ሰው ጠርተሽ መስኮት ሥር የምታሰጪ፣ አንቺስ ወረቀቱን አንብበሽዋል?»

ከኪሷ ሁለት የልብስ መቆንጠጫ አወጣች፤ ሠላሳ አንድ ዓመት ከኪሷ ተለይቶ አያውቅም። ወንበር ላይ ወጥታ ጨርቁን ከመስኮቱ ብረት ጋር ግራና ቀኝ ቆነጠጠችው። ክፍሉ ጥላ ሆነ። ስትወርድ ልጅቷ ብልቃጡን ከሾፌሩ ተቀብላ ክኒኗን ስትውጥ አየች። ልጅቷ ግን ወደ እሷ አላየችም።

ወደ ቤት ሲሄዱ ከግንብ ጥላ ወደ ግንብ ጥላ እየተሻገሩ ነው። ቤት እንደገቡ በረኪና ሳጥኑን ከፍታ ወረቀቱን ልጅቷ ፊት ጣለችው።

ልጅቷ አንስታ አነበበችው፤ እስከ መጨረሻው፣ ጮክ ብላ፣ እየተቆጣች። ከዚያ ወረቀቱን ገለበጠችው።

«አሁን አንቺ በይልኝ። አንደኛ?»

«እኔ ተማሪሽ ነኝ?»

«አንደኛ?»

በረኪና ጥርሷን ነከሰች። «ፀሐይ።»

«ሁለተኛ?»

«ክኒኑን አለማቋረጥ።»

«ሦስተኛ?»

በረኪና ጣራውን አየች፣ በሩን አየች። ሦስተኛው ጠፍቷታል። ልጅቷ ባበጠ እጇ ከአጠገቧ ያለውን ዝቅተኛ ዱካ ወደ እናቷ ገፋችው።

«ተቀመጪ» አለች። «ከመጀመሪያው እንጀምራለን።»

እናትየው እየተራገመች ተቀመጠች።