እጁ የሚወልቀው ዱጋሳ

ኑሰይባ ዱከም በሚገኝ አንድ የፕላስቲክ ፋብሪካ ውስጥ የሞልድ ጠጋኝ ነበረች። ሳፋውና ጀሪካኑ የሚወጣበት ብረት ሲያረጅ በሞረድ እያለሰለሰች የምታስተካክለው እሷ ናት። ጠዋት ከአዳማ በሚኒባስ ሄዳ አመሻሽ ላይ ስትመለስ፣ ከመናኸሪያ ሰፈሯ የሚያደርሳት ዱጋሳ የሚባል ባጃጅ ነጂ ነው። ደንዳና፣ ኮፍያውን ወደ ጎን ጋደል የሚያደርግ፣ ከተሳፋሪው ሁሉ ጋር የሚሳሳቅ ሰው።

የአሻንጉሊት ነገር በሐሳቧም አልነበረም። አንድ ቅዳሜ ግን ለእህቷ ልጅ ለአማል የምትወስደው ነገር ፍለጋ ሱቅ ስትገባ፣ አንዲት ሕፃን የፕላስቲክ ሰውዬ ይዛ፣ «እማዬ፣ እግሩ ላይ ያለው ምንድን ነው?» ስትል ሰማች። እናትየው ገልበጥ ገልበጥ አድርጋ አየችውና፣ «እንጃ፣ ጣውላ መሰለኝ» አለች። የበረዶ መንሸራተቻ ነበር። ኑሰይባ ምንም ሳትገዛ ወጣች።

በዚያው ቀን ጎረቤቷ አቶ ኪዳነወልድ ዘንድ ሄደች። የአልጋና የቁም ሳጥን ጌጥ ሲቀርጹ የኖሩ፣ አሁን ከሥራ ያረፉ አናጢ ናቸው።

«ጋሼ ኪዳኔ፣ ጣት የምታክል ሰው ይቀርጹልኛል?»

«የምን ሰው?»

«እዚሁ የምናውቀው ሰው። ዱጋሳን።»

ሳቁ፤ ግን አንዲት የዋንዛ ቁራጭ ፈልገው ቢላቸውን አነሱ። የመጀመሪያው ቅርጽ መልአክ መሰለ፤ ሁለተኛው የሰከረ ሰው። በሦስተኛው ኮፍያው ጋደል፣ ሆዱ ቀደም ብሎ፣ ዱጋሳ ቁጭ አለ። ኑሰይባ እሱን አይታ ሞልዱን ለመሥራት ስድስት ወር ፈጀባት። የፋብሪካው ሥራ አስኪያጅም እሑድ እሑድ ሥራ በምትፈታው ትንሿ ማሽን እንድትጠቀም ፈቀዱላት። የተጨበጡት እጆቹ ለብቻ ወጥተው ትከሻው ላይ ይገጠማሉ፤ ወደ ላይም ወደ ታችም ይዞራሉ።

አሻንጉሊቱ ለኢድ የአዳማ ሱቆች ውስጥ ገባ። ሳምንት ሳይሞላ አለቀ። ልጆች ዱጋሳ ባጃጁን ባቆመበት ሁሉ እየሮጡ መጥተው ከአሻንጉሊቱ ጋር ያስተያዩት ጀመር፤ እሱም ደረቱን ነፋ።

ወር ሳይሞላ ግን ተኮሳትሮ ጠበቃት።

«አካም ኑሰይባ። ኧረ ምን በደልኩሽ? የሰፈሩ ልጅ ሁሉ እጁ የወለቀ ዱጋሳ ይዞ እየመጣ፣ እጅህን ግጠምልን ይለኛል! ትናንት አንዱ ተሳፋሪ፣ መሪውን በምን ልትይዘው ነው ብሎ ሳቀብኝ።»

ሱቆቹም በሁለተኛው ዙር የወሰዱትን ካርቶን መለሱ። ኑሰይባ ፕላስቲኩን ጠረጠረችና ሌላ ዓይነት ሞከረች፤ ያም ወለቀ። አፍራ ሥራውን ልትተወው ምንም አልቀራትም።

«ልጆቹ ሲጫወቱበት አይተሻል?» አሏት አቶ ኪዳነወልድ።

«አላየሁም።»

«ታዲያ ማንን ጠይቀሽ ነው ፕላስቲኩን የምትወቅሺው?»

በሚቀጥለው እሑድ ፋብሪካውን ትታ መቂ ሄደች። እህቷ መሪማ ወደ አዲስ አበባ የሚጫን ቲማቲም እየለየች በሳጥን የምትሞላ ሠራተኛ ናት። የስድስት ዓመቷ አማል ከእናቷ አጠገብ መሬት ላይ ተቀምጣ በዱጋሳ ትጫወታለች። ኑሰይባ ቆማ አየቻት። ልጅቷ በክብሪት ቀፎ ውስጥ ጠጠር ሞልታ፣ ቀፎውን ዱጋሳ እጅ ውስጥ ልትከት ትታገላለች። የተጨበጠው እጅ እምቢ ሲል ጠመዘዘችው። ቀጭ አለና ወለቀ።

«ምን እያደረግሽው ነው፣ አማል?»

«ቲማቲም እያሸከምኩት። አይዝም እኮ፣ አክስቴ። ጭብጡን አይፈታም።»

«ባጃጅ ነጂ አይደል እንዴ?»

«ባጃጁ የታለ?» አለች አማል። «ባጃጅ ስለሌለው እማዬን ያግዛታል።»

ኑሰይባ እዚያው መሬት ላይ ዘጭ ብላ ሳቀች። ስድስት ወር ሙሉ የለፋችበት እጅ፣ ያልሠራችለትን የባጃጅ መሪ ጨብጦ የቀረ እጅ ነበር። ልጆቹ ሰባሪ ሆነው አልነበረም፤ ሥራ ሊሰጡት ፈልገው እንጂ።

ስትመለስ ሞልዱን ፈታችው። የእጁ መሃል ላይ ሚስማር የምታህል ብረት ተከለችና መዳፉ ክፍት ሆኖ እንዲወጣ አደረገች፤ ክብሪትም ገመድም ይይዛል። እጁን ከትከሻው የሚያያይዘውንም ጫፍ አወፈረችው። የመጀመሪያውን ለአማል ወሰደችላት። አማል ቀፎው ላይ የክር ማንጠልጠያ አሰረችና ሦስት ቀን ሙሉ አሸከመችው፤ አልወለቀም።

ዱጋሳ ወደ ሱቆቹ ተመለሰ። ከእሱ ኋላ ጋሪ ነጂው መጣ፣ ቀጥሎ መረቡን የጨበጠው የዝዋይ ዓሣ አጥማጅ። ልጆቹ «የሰፈር ሰዎች» ይሏቸው ጀመር፤ ስማቸውም ያው ሆኖ ቀረ። ሥራ አስኪያጁ ትንሿን ማሽን ለአዘቦትም ለቀቁላትና እጅ የሚገጥሙ ሁለት ሴቶች ጨመሩላት። አዲስ ሰው በተቀረጸ ቁጥር ግን፣ ሞልድ ከመሠራቱ በፊት የእንጨቱ ቅርጽ መቂ ሄዶ አማልና ጓደኞቿ እጅ ላይ ይሰነብታል።

አራተኛዋ ሻሿን ያሰረች፣ ሳጥን የተሸከመች የቲማቲም ሠራተኛ ነበረች። ይህቺን አቶ ኪዳነወልድ ራሳቸው ይዘው ከኑሰይባ ጋር መቂ ወረዱ። አማል ተቀብላ አገላብጣ አየቻትና ፊቷን አኮማተረች።

«እማዬ ናት አይደል? ግን አፍንጫዋ እንዲህ አይደለም።»

መሪማ ከሳጥኖቹ መሃል ቀና ብላ፣ «አንቺ ልጅ፣ አባባ እንዲህ ይባላሉ?» ብላ ተቆጣች።

አቶ ኪዳነወልድ ግን ልጅቷን አልተቆጡም። መነጽራቸውን ከኪሳቸው አውጥተው አደረጉ፤ ባዶ ሳጥን ደፍተው ተቀመጡና ቢላቸውን ከፈቱ።

«መሪማ ልጄ፣ እስቲ ወደ ብርሃኑ ዞር በይልኝ» አሉ።