የአለቃ ገብረሰንበት ካሴት

መሪጌታ ቴዎፍሎስ በማለዳ ከፈረስ ቤት ተሳፍረው ፍኖተ ሰላም ገቡ። ሰርካለም በካሴት ቤቷ ደጃፍ ቆመው ጋቢያቸውን ሲያስተካክሉ ስታይ ልቧ ስንጥቅ አለ። ምነው መኪናው በተበላሸ ብላ ስትመኝ ነበር እኮ ያደረችው!

ነገሩ እንዲህ ነው። የመሪጌታ አባት፣ አለቃ ገብረሰንበት፣ በ1968 ዓ.ም. ቤታቸው ተቀምጠው በገና ሲደረድሩ የተቀዳ ካሴት አለ። አንድ ብቻ፤ ሌላ ቅጂ የለውም። አለቃም ካረፉ ቆይተዋል። አዲስ አበባ ያለ ሀብተሚካኤል የሚባል አሳታሚ የድሮ በገና ደርዳሪዎችን እንደገና እያሳተመ ነውና ይህንንም ሊያወጣው ፈለገ። ወደ ኮምፒውተር የማዛወሩ ሥራ ለሰርካለም ተሰጠ። መሪጌታ ግን "ሰምቼ ካልፈቀድሁ አይወጣም" አሉ።

የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ይባል የለ? ሰርካለም ካሴቱን ቀዳችና ሽሽታውን፣ እዝዝታውን፣ ሳሉን ጠራረገች። መጨረሻ ላይ ጣልቃ የገባ ወሬም ነበር፤ ቆርጣ ጣለችው። ከዚያ የጠራውን በመጀመሪያው ቅጂ ላይ ደርባ አስቀመጠችው፤ ያልተነካው ቅጂ በዚያው ጠፋ። ልታመሳክር ካሴቱን መልሳ ብታጫውት ደግሞ ቴፑ ክሩን በላው፤ ቀጭ አለና ከሁለት ተበጠሰ። የተበጠሰውን መሳቢያ ውስጥ ደበቀችው።

"ይኸው መሪጌታ፣ እንዴት እንደጠራ ይስሙት" አለች ማዳመጫውን እየሰጠች። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ!

ዓይናቸውን ጨፍነው እስከ መጨረሻው ሰሙ። ማዳመጫውን በቀስታ አወረዱ።

"ልጄ፣ ይኼ በገና እንዝራ የለውም። ከጅማቱ ሥር የምትገባውን ቁራጭ ቆዳ ነው የምልሽ፣ በገናውን የምታስነዝረውን። አባቴ ያለ እንዝራ ደርድሮ አያውቅም።"

ጉድ በል ጎጃም! ለካስ ቆሻሻ ብላ የጠረገችው ዋናውን የበገናውን ድምፅ ኖሯል።

"እሱስ ይሁን" አሉ መሪጌታ። "መጨረሻው ላይ እናቴ ነበረች። የት አደረግሻት? የአባቴን ዜማ እኔም እደረድረዋለሁ። እሷ ግን በልጅነቴ ነው የሞተችብኝ፤ ድምጿ ከዚህ ካሴት በቀር የትም የለም።"

ሰርካለም እግራቸው ላይ ልትወድቅ ምንም አልቀራት። "ይቅር ይበሉኝ፣ አባቴ። ካሴቱም ተበጥሷል" ብላ የደበቀችውን አወጣችው።

መሪጌታ አልተቆጡም። ቢቆጡ ይሻላት ነበር። የበገና ጅማት ሲያከርሩ በኖሩ ጣቶቻቸው ሁለቱን የክር ጫፎች አገናኝተው ያዙላት፤ እሷ ጫፉን በምላጭ አስተካክላ በስኮች አጣበቀችው፤ በቢክ እስኪርብቶ ቀስ አድርጋ አጠነጠነችው። ቴፑን በአልኮል ጠረገች። የመቅጃው ቀይ መብራት በርቷል? በርቷል። ደግማ አየች። አሁንም ደግማ አየች።

በገናው እንደ ንብ ቀፎ እየነዘረ ገባ። የተጣበቀው ቦታ ሲደርስ ትንፋሿን ዋጠች፤ አንዴ ነጠር ብሎ አለፈ። የአለቃ ድምፅ ዝቅ እያለ ሄዶ አበቃ። ሽሽታ ብቻ ቀረ። አለቀልኝ አለች።

"አሜን" አለች አንዲት ሴት ከሩቅ። "ኧረ በሩን ዝጉት፣ ቴዎን በረደው!"

ወዲያው ቴፑ ክሩን ጎርሶ አኘከው፤ አሁንስ የሚቀጠልም አልሆነ። ሰርካለም እየተርበተበተች ኮምፒውተሩ ላይ የተቀዳውን ከፈተች። አሜኑ አለ። በሩም፣ ቴዎም አሉ። መሪጌታ ጋቢያቸውን ፊታቸው ላይ ጣል አድርገው አለቀሱ።

እንዳለ ላከችው። ሰዓትም ሳይሞላ ሀብተሚካኤል ደወለ። "ሰርኬ፣ ይኼ ነገር እዝዝ ይላል እኮ! መጨረሻው ላይም አንዲት ሴትዮ ታወራለች። አጽጂልኝ እንጂ።"

"እዝዝ የሚለው በገናው ነው። ሴትዮዋ የመሪጌታ እናት ናቸው" አለች። "አንዷ ነገር ከተነካች አይፈቅዱም። እኔም አልነካም።"

ሰርካለም ስልኩን ጨምቃ ይዛ ጠበቀች።

"እሺ፣ እንዳለ ይውጣ" አለ ሀብተሚካኤል በመጨረሻ።

ውጭ ነፋስ ተነሥቶ ነበር። መሪጌታ ብድግ አሉና በሩን ዘጉት።