ያጠፋኋቸው አርባ አንድ አስተያየቶች

ሥራዬ የሰው ስድብ ማንበብ ነበር። በከተማችን ጋዜጣ ድረ ገጽ ላይ አንባቢ ከዜናው ሥር የሚጽፈውን አስተያየት እከታተላለሁ፤ የከፋውን አጠፋለሁ፣ የቀረውን እተዋለሁ። አትሳቁ፣ ይህም ሥራ ነው።

ነገሩ የጀመረው በቤተ ክርስቲያኑ ደወል ነው። ደዋዮቹ ማክሰኞ ማክሰኞ አመሻሽ ላይ ሁለት ሰዓት ሙሉ ይለማመዳሉ። ወይዘሮ ቴልማ ኦክሾት የሚባሉ ጡረተኛ፣ ባላቸው በስትሮክ ከተመታ ወዲህ ድምፁ ያስጮኸዋልና ልምምዱ ወደ አንድ ሰዓት ይጠርልኝ ብለው ለቄሱ ጻፉ። በቃ፣ ጥፋታቸው ይኸው ነው።

አለቃችን ባዝል ግን ወሬውን ከደዋዮቹ ሰምቶ «ደወላችንን ልታፍን የተነሳችው ሴት» በሚል ርዕስ ሰኞ በትልቁ አወጣው፤ የሚኖሩበትን መንገድ ስም ጨምሮ። እስከ ምሳ ሰዓት ሦስት መቶ አስተያየት ጎረፈ። አርባ አንዱን አጠፋሁ። «ቤቷን አውቀዋለሁ» የሚል ነበረበት፤ «ቅዳሜ በሯ ላይ እንገናኝ» የሚልም። ሄጄ ለባዝል ነገርኩት።

«አጠፋኸው አይደል? ታዲያ ምን ትነዘንዘኛለህ?» አለኝ። «ሰዉ እንደሆነ ገና አልጠገበም።»

ሐሙስ ሁለተኛውን ዜና ከቤታቸው ፎቶ ጋር አወጣ። ቅዳሜ በራቸው ተንኳኳ፤ ወይዘሮ ኦክሾት ሲከፍቱ አንድ ባልዲ ቀይ ቀለም ተደፋባቸው። ባልየው ጩኸታቸውን ሰምቶ ከአልጋው ሊነሳ ሲል ወደቀና ዳሌው ተሰብሮ ሆስፒታል ገባ። እሳቸውም ባሌ በሰላም ወደ ቤቱ እንዲመለስ ጋዜጣው ይተወን ብለው ከሰሱ።

በእኛ አገር ሕግ ጋዜጣ ሰውን ማብጠልጠሉ ብቻ ትንኮሳ አይባልም፤ አንድ ጊዜ መጻፍም አይበቃም። ጉዳት እንደሚያመጣ እያወቀ ወይም ማወቅ ሲገባው ደጋግሞ ሲያወጣ ነው ነገሩ የሚለወጠው። ስለዚህ ክርክሩ ሁሉ አንድ ጥያቄ ላይ ወደቀ፤ ሐሙስ ዕለት ጋዜጣው ያውቅ ነበር ወይ?

«ሳላነብ በጅምላ ነው የማጠፋው ትላለህ» አለኝ ባዝል፣ ለምስክርነት የተጠራሁ ዕለት ፍርድ ቤቱ ደጃፍ ላይ ክራባቴን እያስተካከለልኝ። «የእንጀራ ገመድህን በገዛ እጅህ እንዳትበጥስ።»

የወይዘሮዋ ጠበቃ ብዙ አላስለፋችኝም። «አርባ አንዱን ለምን አጠፏቸው?»

«ሰው ይጎዳቸዋል ብዬ ፈርቼ።»

«መቼ ነው የፈሩት?»

«ሰኞ። ለአለቃዬም ያኔውኑ ነግሬዋለሁ።»

ባዝል ጣሪያ ጣሪያውን ማየት ጀመረ።

ከሥራ የተባረርኩት በማግስቱ ነው። ፍርዱ ግን ሦስት ሳምንት ቆየ። ጋዜጣው ስማቸውን ዳግመኛ እንዳያነሳ ዳኛዋ አዘዙ፣ ካሳም ፈረዱላቸው። እውነቱን ልናገርና ደስ ብሎኝ ነበር። ደረጃው ላይ ቆሜ ጠበቅኳቸው፤ ምስጋና ፈልጌ ነው እንግዲህ፣ ሌላ ምን ይባላል።

ቀስ ብለው ወርደው አጠገቤ ቆሙ። «ያንን የቅዳሜውን ያነበብከው አንተ ነህ?»

«አዎ፣ እማማ።»

«ቤትህ የት ነው?»

«ከእርስዎ ሁለት መንገድ አልፎ።»

«ታዲያ ልጄ፣ መጥተህ ብትነግረኝ ምን ነበረበት? በሩን አልከፍተውም ነበር እኮ።»

መልሴን አልጠበቁም፤ ባላቸውን ከሆስፒታል የሚያወጡበት ቀን ነበርና ታክሲ ይጠብቃቸው ነበር።