ሁለተኛዋ ሴት

ዶክተር እንዳላማው ከደብረ ማርቆስ ወደ አማኑኤል በሚወስደው አስፋልት መኪናውን እየነዳ፣ ሁለቱ ሴቶች በሕይወት እንዲቆዩለት ስለት ይሳል ነበር። ለሴቶቹ አስቦ እንዳይመስላችሁ። ለጽሑፉ ነው።

ጽሑፉም ዝም ብሎ ጽሑፍ አይደለም። ሰውየው ዕድሜውን የፈጀው ደም የሚያፈልቁትን የመቅኔ ሕዋሳት በማጥናት ነው፤ ስሙን የተከለለት ግን ያ አንዱ ነው። ሁለት ሺህ አንድ መቶ ጥናቶች ጠቅሰውታል። ፕሮፌሰርነቱም፣ ሽልማቱም፣ በየአገሩ በክብር መጠራቱም ከእሱ መጣ። የሚለው አጭር ነው፦ በሕዋሳቱ ላይ አንድ እንግዳ ምልክት ዝምድና በሌላቸው ሁለት የጎጃም ሴቶች ላይ አንድ ዓይነት ሆኖ ተገኝቷል፤ ሁለቱም ጤነኞች ናቸው፤ ስለዚህ ከጥንት በዘር የወረደ ነውና ሐኪም አይንካው።

ባለፈው ሳምንት ከአንድ የውጭ ሆስፒታል ደብዳቤ ደረሰው። ምልክቱ ተገኝቶበት፣ ጽሑፉን አምነው ያለ መድኃኒት ያሰናበቱት ሰው በደም ካንሰር ሞቷል። «ምልክቱ ያለባቸው ሌሎች አሥራ አንድ ሰዎች አሉን» ይላል ደብዳቤው። «ሴቶቹ ዛሬም ደኅና ከሆኑ ሰዎቹን እናሰናብታቸዋለን። ካልሆኑ ግን ሕክምናውን አንድ ቀን ማዘግየት አንችልም። እስከ ዓርብ ያሳውቁን።»

ዕለቱ ዓርብ ነበር።

የሴቶቹን ስም በቃሉ ያውቀዋል። ሥራነሽ፣ ከጤና ጣቢያው መዝገብ። ወለተ ሰንበት፣ ከቤተ ክርስቲያኑ ማኅበር ዝርዝር። መልካቸውን ግን አያውቅም። ከአሥራ ሁለት ዓመት በፊት ደሙን የቀዱት የላካቸው ተማሪዎቹ ናቸው፤ እሱ አዲስ አበባ ተቀምጦ ይጽፍ ነበር።

የሥራነሽን ቤት ሲጠይቅ ዳስ የተጣለበትን ግቢ አሳዩት። ልጇ የኔአለም ጥቁር ለብሳ ወጣች፤ የእናቷን ደም ያስወሰደው ሐኪም መሆኑን ነገራት።

«አርባዋ ነው ዛሬ» አለችው። «አጥንቴን፣ አጥንቴን እያለች፣ አፍንጫዋ እየደማ ሞተች። ይግቡ ዶክተር።»

ገብቶ ከአጥቢያው መሪጌታ ከዘማርያም አጠገብ ተቀመጠ። ሥራነሽ ሰባ ዓመቷ ነበር፣ የሰባ ዓመት ሰው በምንም ይሞታል ብሎ ራሱን አጽናና። ሁለተኛዋ አለችለት። ወለተ ሰንበት ደኅና ከሆነች ጽሑፉም ደኅና ነው። ቤቷን ሊጠይቅ ወደ መሪጌታው ጎንበስ ሲል ካህናቱ ለጸሎት ተነሡ፤ እሱም አብሮ ተነሣ።

«ነፍሰ አመትከ ወለተ ሰንበት» አሉ መሪጌታው፣ የሟቿን ነፍስ በክርስትና ስሟ ሲያስቡ።

ሥራነሽም ወለተ ሰንበትም አንዲት ሴት ነበረች። የዓባይን ልጅ ውሃ ጠማው ማለት ይህ ነው! የቄስ ልጅ ነው እኮ። ራሱም ወልደ ሩፋኤል ተብሎ የተጠመቀ፣ በዚህ አገር ሰው ሁሉ ሁለት ስም እንዳለው ከእናቱ ጡት ጋር የተማረ ሰው ነው። ሁለቱን ደም አጠገብ ለአጠገብ አድርጎ የአንድ ሰው ይሆን ወይ ብሎ ግን አልጠየቀም። መጠየቅ አልፈለገማ!

ጸሎቱ ሲያበቃ የኔአለምን ወደ ጥግ ጠራት።

«እናትሽ ስንት ጊዜ ነው ደም የሰጠችን?»

«ሁለት ጊዜ ነዋ! ያኔም ድካም ድካም ይላት ነበር። ጤና ጣቢያ ሰጥታ መልስ ሲጠፋ፣ ከቤተ ክርስቲያኑ ግቢ ደግሞ ስትመጡ ተሰልፋ ሰጠች። ምናልባት በዚህኛው ይነግሩኝ ይሆናል ብላ።»

«በክርስትና ስሟ?»

«በካህናት ፊት በዓለም ስም ይጻፋል እንዴ?» ገረማት። ከዚያ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «መልሱ ቀረብኝ እንዳለች ነው የሞተችው። ደሟ ምን አለ ዶክተር?»

ታማለች ብሎ ነበር። ያን ጊዜ ብሎ ነበር። እንዳላማው ይህን ያውቃል፤ አፉ ግን «ውጤቱ እስካሁን ገና ነው» አለ።

መኪናው ውስጥ ገብቶ በሩን ዘጋ። ስልኩን አወጣ። ፈርቷል፣ አፍሯልም። የጽሑፉ ሁለት ሴቶች አንዲት መሆናቸውን በዚህ ዓለም የሚያውቅ እሱ ብቻ ነው። መሪጌታው መዝገቡን አያውቁም፤ ሆስፒታሉ መሪጌታውን አያውቅም። አሥራ አንዱን ሰዎች ደግሞ እሱ አያውቃቸውም።

ጻፈ፦ «አንደኛዋ በሰባ ዓመቷ አርፋለች። ሁለተኛዋ ታማለች ያለኝ ሰው የለም።»

አንዱም ቃል ውሸት አልነበረም። ደግሞ ደጋግሞ አነበበና ላከው።

መልሱ ሩብ ሰዓት ሳይሞላ መጣ። «እናመሰግናለን። አሥራ አንዱንም ወደ ቤታቸው አሰናብተናል።»

መስኮቱ ተንኳኳ። የኔአለም ናት።

«ምነው እዚህ ተቀመጡ? ይምጡና እህል ይቅመሱ እንጂ፣ ስለ ነፍሷ።»

ወርዶ ዳሱ ውስጥ ገባ። አጎረሰችውም፤ ዋጠ።